የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኞችና ማኅበራዊ የጤና መድን፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

የጤና መድን ማለት ሰዎች በጤንነታቸው ጊዜ መጠኑ የታወቀ መዋጮ እያዋጡ፣ ከመካከላቸው የታመመው ሰው የሕክምና ወጪ ከጋራው ቋት የሚሸፈንበት ሥርዓት ነው። አንድ ግለሰብ በመጪው ዓመት ይታመም አይታመም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በብዙ ሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ግን በዓመት ስንቱ እንደሚተኛ፣ ስንቷ እንደምትወልድ፣ ስንቱ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው በተቀራረበ ግምት ማስላት ይቻላል። የመድን ሥርዓት የሚቆመው በዚህ እውነታ ላይ ነው።

አሳቡ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እድር ለዘመናት የኖረ የመረዳጃ ተቋም ሲሆን ጤነኛው ያዋጣል፣ ሐዘን የደረሰበት ይረዳል። ይሁን እንጂ አብዛኛው እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው፤ ሞትን ይቀብራል እንጂ በሽታን አያክምም። በትምህርት ቤቶችም አንድ ባልደረባ በጠና ሲታመም ሊስት ዞሮ ገንዘብ ማሰባሰብ የተለመደ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ቢሆንም የሚጀመረው ሰውየው ከታመመ፣ ብዙውን ጊዜም ያለውን ከጨረሰ በኋላ ነው። የሚሰበሰበውም በሕመሙ ክብደት ሳይሆን በታማሚው ወዳጆች ብዛትና በወሩ ቀን ይወሰናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኞች የታሰበው፣ መንግሥት በአሠሪነቱ ግማሹን መዋጮ የሚሸፍንበት ማኅበራዊ የጤና መድን ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያው በዚህ ውስጥ ያለውን ድርሻ ማብራራት ነው። የትምህርት ቤት ሠራተኛ ሲባል መምህራን ብቻ አይደሉም። ርእሳነ መምህራን፣ የመዝገብ ቤትና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች በሙሉ በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላሉ።

የሕክምና ወጪና በመሐል የቀረው ሠራተኛ

በኢትዮጵያ የጤና ወጪ ከፍተኛ ክፍል የሚሸፈነው በሕክምና ሰዓት ከታማሚው ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው። በ2009 በጀት ዓመት ላይ የተመሠረተው ብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናት እንዳሳየው ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ 31 በመቶ ገደማ የሚሆነው በዚህ መንገድ የተከፈለ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርቱ፣ ከኪስ የሚከፈለው ከጠቅላላው የጤና ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን በሕክምና ምክንያት ለድህነት የሚዳረጉ ቤተሰቦች ቁጥር በእጅጉ እንደሚቀንስ ገልጿል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ርቀት ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል።

ከኪስ የሚከፈል ክፍያ ጉዳቱ ሁለት ነው። በአንድ በኩል የከፈለውን ቤተሰብ ያደኸያል። በሌላ በኩል ደግሞ መክፈል ያልቻለውን ከሕክምና ያስቀራል፤ ይህኛው ጉዳት ታማሚው ወደ ጤና ተቋም ስላልመጣ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም።

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ሳሪስ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። በሰፈሩ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛና የመንግሥት ደመወዝተኛ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍም ይገናኛሉ። የሕክምና ወጪያቸው የሚሸፈንበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። አንዳንድ የግል ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሕክምና ውል ይገባሉ ወይም ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች የቡድን ሽፋን ይገዛሉ። መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደረው ነዋሪ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሊሆን ይችላል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በሂደት አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፍቷል። መክፈል ለማይችሉ ነዋሪዎችም መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል።

የማኅበረሰብ አቀፍ መድን ሲነደፍ ታሳቢ ያደረገው ግን አርሶ አደሩንና በከተማ መደበኛ ባልሆነው የሥራ መስክ የተሰማራውን ሕዝብ ነበር። በመደበኛው ዘርፍ ለተቀጠረው ደመወዝተኛ የታሰበው ሌላው ክንፍ፣ ማለትም ማኅበራዊ የጤና መድን ነው። የመጀመሪያው ክንፍ ሲበር ሁለተኛው ለረጅም ዓመታት ሳይዘረጋ በመቆየቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኛው በመሐል ቀረ። የጎረቤቱ የጉሊት ነጋዴ የመድን ደብተር ይዛ ስትታከም፣ ልጇን የሚያስተምረው መምህር በካርድ ክፍሉ፣ በላቦራቶሪውና በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በየተራ ከኪሱ የሚከፍልበት ሁኔታ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

የአዋጁ ይዘትና የሥርዓቱ አመጣጥ

የሕክምና ፋይናንስ ማሻሻያ በኢትዮጵያ መሠረቱ የተጣለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1990 ዓ.ም. ባጸደቀው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። ጤና ተቋማት የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ፣ መክፈል የማይችሉ ወገኖች በነፃ እንዲታከሙ፣ የተወሰኑ አገልግሎቶች ለማንኛውም ሰው ከክፍያ ነፃ እንዲሆኑ፣ ውሎ አድሮም የጤና መድን እንዲቋቋም የታሰበው በዚሁ ስትራቴጂ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ። በ2003 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 191/2003 የኢትዮጵያ ጤና መድን ኤጀንሲ ተቋቋመ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የሥርዓቱን ዝርዝር የሚወስነው ደንብ ቁጥር 271/2005 ተከተለ። ኤጀንሲው በ2014 ዓ.ም. በወጣው የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት የሚለውን ስያሜ ይዟል።

በእነዚህ ሕጎች መሠረት ሠራተኛው ከወር ደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ 3 በመቶ፣ በድምሩ 6 በመቶ እንዲያዋጡ ተወስኗል። ጡረተኛው ከጡረታ አበሉ 1 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት ተመሳሳይ መጠን ይጨምራል። ተጠቃሚዎቹ አባሉ፣ የትዳር ጓደኛውና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ ናቸው።

መዋጮው በመቶኛ መሰላቱ ትርጉም አለው። በ4,000 ብር ደመወዝ የሚሠራ የጥበቃ ሠራተኛ በወር 120 ብር፣ 15,000 ብር የሚከፈለው ርእሰ መምህር ደግሞ 450 ብር ያዋጣል። ሁለቱም ሲታመሙ የሚያገኙት አገልግሎት ግን አንድ ነው። በዚህ ሥርዓት ሰው የሚያዋጣው በአቅሙ፣ የሚታከመው በሕመሙ ልክ ነው። የግል ኢንሹራንስ መዋጮውን በዕድሜና በሕመም ታሪክ ስለሚያሰላ የደም ግፊት ያለበትን አዛውንት መምህር ከጤነኛው ወጣት የበለጠ ያስከፍለዋል፤ ማኅበራዊ መድን ይህን አያደርግም።

አዋጁ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱን ለመጀመር የተያዙት ጊዜያት በተደጋጋሚ ተላልፈዋል፤ መዘግየቱም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። የዚህን ምክንያት መረዳት የሥርዓቱን አሠራር ከመረዳት አይለይምና ከዚህ በታች ተመልሶ ይታያል።

የሚሸፈነውና የማይሸፈነው

በደንቡ የተዘረዘረው የአገልግሎት ማዕቀፍ የተመላላሽና የአልጋ ሕክምናን፣ የወሊድ አገልግሎትን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ የላቦራቶሪና የራጅ የመሳሰሉ ምርመራዎችን፣ እንዲሁም በመድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ የተካተቱ ጄኔሪክ መድኃኒቶችን የያዘ ነው። አገልግሎቱ የሚሰጠው ውል በተገባላቸው የጤና ተቋማት ሲሆን ታማሚው ከታችኛው እርከን ተነሥቶ በሪፈራል ወደ ላይ ይሄዳል። በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ለሚኖር ሠራተኛ ይህ ማለት በቅድሚያ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገ በሪፈራል እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ባለ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከዚያም በላይ በልዩ ሕክምና ሆስፒታል መታከም ማለት ነው።

ከሽፋኑ ውጪ የሆኑትንም ማወቅ እኩል ያስፈልጋል። ከእነዚህ መካከል ከአገር ውጪ የሚደረግ ሕክምና፣ የውበት ቀዶ ሕክምና፣ የመነጽርና የንክኪ ሌንስ ወጪ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፣ ከማኅፀን ውጪ የሚደረግ ፅንሰት፣ ከሕመም ጋር ያልተያያዘ ጠቅላላ ምርመራ፣ እንዲሁም ከድንገተኛ የኩላሊት ድክመት በስተቀር የኩላሊት እጥበት ይገኙበታል። የሥራ ላይ ጉዳትና የትራፊክ አደጋ በሌሎች ሕጎች የሚሸፈኑ በመሆናቸው በዚህ አይካተቱም።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሦስቱ የትምህርት ቤት ሠራተኛን በተለይ ይነካሉ። የመጀመሪያው መነጽር ነው። ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ መምህር የቅርብ እይታው መድከሙ የተለመደ የዕድሜ ለውጥ ነው፤ የተማሪ ደብተር ለማረምም መነጽር ያስፈልገዋል። ይህ ወጪ ከኪሱ እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ማለትም ጠቅላላ ምርመራና የኩላሊት እጥበት፣ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው።

ለማብራሪያ ያህል በሳሪስ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ የ46 ዓመት ምናባዊ መምህር ይወሰድ። ምንም አይሰማውም፤ ስለዚህም ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ለጉንፋን ብሎ በሄደበት አጋጣሚ የደም ግፊቱ 170/105 ሆኖ ይገኛል። መድኃኒት ይታዘዝለታል። የመጀመሪያውን ወር ይገዛል። በሁለተኛው ወር የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ይቀድማል፤ ሕመም ስለማይሰማው መድኃኒቱን ማቆሙ ያስከተለው ነገርም አይታየውም። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የደም ግፊቱ ሳይሆን ግፊቱ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ በአንጎል የደም ሥር ላይ ከሆነ ሽባነት፣ በኩላሊት ላይ ከሆነ ደግሞ ማዕቀፉ ያልሸፈነው ዘላቂ የኩላሊት ድክመት።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በመሆኑም ምናባዊው መምህር እንግዳ ታሪክ አይደለም። የዚህ መምህር ኩላሊት የሚድነው ገና በ170/105 ደረጃ ላይ ሳለ፣ እንደ አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪል ያሉ በመድን ሊሸፈኑ የሚችሉ ጄኔሪክ መድኃኒቶችን ሳያቋርጥ ሲወስድ ነው። የመድን ትልቁ ጥቅም የመጨረሻውን ውድ ሕክምና መክፈሉ ሳይሆን የመጀመሪያው ርካሽ ሕክምና እንዳይቋረጥ ማድረጉ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ቋቱ ለምን ሰፊ መሆን አለበት?

«የአንድ ትምህርት ቤት ሠራተኞች በራሳችን ተደራጅተን ብንዋጣ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱን በስሌት ማየት ይቻላል፤ የሚከተሉት አኃዞች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ትምህርት ቤት 80 ሠራተኞች አሉት እንበል። አማካይ ደመወዛቸው 8,000 ብር ቢሆን በነፍስ ወከፍ 6 በመቶው 480 ብር ይሆናል። የ80ዎቹ የወር መዋጮ 38,400 ብር፣ የዓመቱ 460,800 ብር ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱን ጨምሮ አራት ቤተሰብ ቢኖረው ተጠቃሚዎቹ 320 ሲሆኑ ለአንድ ሰው በዓመት 1,440 ብር ይደርሳል። እያንዳንዱ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ በተመላላሽ ታክሞ በአንድ ጊዜ 300 ብር ቢወጣበት 192,000 ብር ይሄዳል፤ 268,800 ብር ይተርፋል። ተኝቶ የሚታከም አንድ ከባድ ሕመምተኛ 60,000 ብር ቢያስወጣና በዓመት አራት ሰው ይህ ቢያጋጥመው 240,000 ብር ይወጣል፤ ቋቱም 28,800 ብር ተርፎት ዓመቱን ይዘጋል። አምስተኛ ሰው ከታመመ ግን ቋቱ 31,200 ብር ይጎድለዋል።

በአማካይ አራት ከባድ ሕመምተኛ በሚጠበቅበት ትንሽ ማኅበር ውስጥ በአንዱ ዓመት ሁለት፣ በሌላው ስድስት ወይም ስምንት ቢሆን በአጋጣሚ ሕግ የሚያስደንቅ አይደለም። አንድ መቶ ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቋት ቢሰበሰቡ ግን የሚጠበቁት ሕመምተኞች 400 ሲሆኑ፣ ወረርሽኝን የመሰለ የጋራ ምክንያት እስካልመጣ ድረስ ትክክለኛው ቁጥር በአብዛኛው ከ360 እስከ 440 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ለትንሹ ቋት የመክሰር አደጋ የሆነው መዋዠቅ ለትልቁ ቋት በመጠባበቂያ ገንዘብ የሚቻል ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር መባሉ በስሌትም እውነት ነው።

አባልነት ግዴታ የሆነበትም ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አባልነት በፈቃድ ብቻ ቢሆን አስቀድሞ የሚገባው ሕመም ያለበት ወይም ልጅ የምትወልድ ይሆናል፤ ጤነኛው ወጣት ይቆያል። ሕመምተኞች የበዙበት ቋት መዋጮውን ከፍ ለማድረግ ይገደዳል፤ መዋጮው ከፍ ሲል ደግሞ የቀሩት ጤነኞች ይወጣሉ። ሥርዓቱ በዚህ አዙሪት ራሱን በልቶ ይጨርሳል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራተኞች የሕመም መድን ሕግን ስታወጣ መዋጮው ከአሠሪና ከሠራተኛ በግዴታ እንዲሰበሰብ ያደረገችው ይህን መሰል ችግር በሚያስቀር መንገድ ነበር።

የሠራተኛው ቅሬታዎች

ሥርዓቱ በተደጋጋሚ ከተላለፈባቸው ምክንያቶች አንዱ የደመወዝተኛው ቅሬታ ነው። ቅሬታውን ከግንዛቤ እጥረት ብቻ የመነጨ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ ቅሬታ ውስጡ እውነት አለውና በየተራ መታየት ይገባዋል።

አንደኛው የደመወዝ ማነስ ነው። ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብርና የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ ሌላ 3 በመቶ መጨመሩ የኑሮ ውድነት ላጎበጠው ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ለዚህ የሚሰጠው መልስ 3 በመቶው አዲስ ወጪ ሳይሆን አሁንም በየጊዜው ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ተለውጦ የሚከፈልበት መልክ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ ለቤተሰብ አስተዳዳሪው ያስኬዳል። ለላጤውና ለጤነኛው ወጣት መምህር ግን ለጊዜው ከሚያገኘው የሚሰጠው ይበልጣል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ለእርሱ ሊነገረው የሚገባው መዋጮው የነገ ቤተሰቡና የነገ ዕድሜው ስንቅ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው የአገልግሎት ጥራት ነው። ሠራተኛው «ከፍዬ ገብቼ መድኃኒቱ የለም፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ከውጪ ግዛ ከተባልኩ ሁለት ጊዜ መክፈሌ አይደለም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ሲሆን መልሱ በቃል ሳይሆን በመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ነው። እንደ ከነማ ካሉ የሕዝብ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል መግባት፣ በተቋሙ ያልተገኘ ምርመራ በሌላ ውል ባለው ተቋም እንዲሠራ ማድረግ ከሚታሰቡት መፍትሔዎች መካከል ናቸው።

ሦስተኛው የሽፋኑ ወሰን ነው። የኩላሊት እጥበትን የመሰለ ቤተሰብን የሚያፈርስ ወጪ ሳይሸፈን ቀላሉ መሸፈኑ ለምን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። በ6 በመቶ መዋጮ ሁሉን መሸፈን እንደማይቻል ከላይ ያለው ስሌት ያሳያል። ቢሆንም የማዕቀፉ ዝርዝር ከቋቱ አቅም ጋር በየጊዜው እየተመረመረ ሊሰፋ የሚችል እንጂ አንዴ ተጽፎ የሚቀር ሊሆን አይገባም።

የሌሎች የአፍሪካ አገሮች ልምድ

ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ መሠረት ብሔራዊ የጤና መድን ፈንድ አቋቁማ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ጀምራለች። የጀመረችውም በመንግሥት ሠራተኞች፣ መዋጮውም ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ነበር። ይህ መጠን ኢትዮጵያ ኋላ ከያዘችው ጋር አንድ ነው።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመንግሥት ሠራተኞች ባቋቋመችው መድን መዋጮውን ከመሠረታዊ ደመወዝ 15 በመቶ አድርጋ ለሠራተኛውና ለአሠሪው እኩል አካፈለች፤ መድኑ ከሕክምናው ወጪ 85 በመቶውን ሲሸፍን ቀሪውን ታማሚው ይከፍላል። ጋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ከደመወዝተኞች የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ከሚወሰደው ድርሻ በተጨማሪ በሸቀጥና በአገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ የጤና መድን ቀረጥ ጥላ ደመወዝተኛውንና ሌላውን ሕዝብ በአንድ ሥርዓት ውስጥ አስገብታለች።

ከሦስቱ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ወጥ መንገድ አለመኖሩ ነው። መዋጮው ከፍ ካለ ሽፋኑ ይሰፋል፤ ዝቅ ካለ ይጠባል፤ የገንዘቡ ምንጭ ከደመወዝ ውጪ ሲሰፋ ደግሞ የደመወዝተኛው ሸክም ይቀልላል። ምርጫው የየአገሩ ነው፤ ያለ ገንዘብ የሚሰፋ ሽፋን ግን የትም አገር አልተገኘም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የጤና ባለሙያው በዚህ ሥርዓት ሁለት ገጽ አለው። በመንግሥት ተቋም የሚሠራ ከሆነ ራሱ መዋጮ ከፋይና ተጠቃሚ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በየቀኑ በብዕሩ የቋቱን ገንዘብ የሚያወጣው እርሱ ነው። የመድኑ ህልውና በአብዛኛው በሚከተሉት ተግባራት ይወሰናል።

1. በአጋጣሚው መመርመር። ከሕመም ጋር ያልተያያዘ ጠቅላላ ምርመራ ከማዕቀፉ ውጪ ስለተደረገ፣ ዕድሜው ከ30 ዓመት በላይ የሆነ የትምህርት ቤት ሠራተኛ በማናቸውም ምክንያት ሲመጣ የደም ግፊቱን መለካት፣ አጋላጭ ሁኔታ ካለውም የደም ስኳሩን ማየት ያስፈልጋል። የግፊት መለኪያ መሣሪያው በክፍሉ ውስጥ አለ፤ የሚፈልገውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

2. የሙያውን ሕመም ማወቅ። መምህር በድምፁ ይኖራል፤ በቁሙም ይውላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን በጠመኔ ብናኝ ብቻ ሳይሳበብ ማንቁርቱ እንዲታይ ሪፈር ሊደረግ ይገባል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር፤ በተጨናነቀ ክፍል የሚያስተምር ሰው ሕመም የተማሪዎቹም ጉዳይ ነውና።

3. ከክፍያ ነፃ የሆኑትን ማሳወቅ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ የክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ መድን ላለውም ለሌለውም ከክፍያ ነፃ ናቸው። ክፍያ ፈርተው ቤት የሚቀሩ ሠራተኞች ይህን ባለማወቅ ሊጎዱ ይችላሉ።

4. በጄኔሪክ ስም ማዘዝ። መድኑ የሚሸፍነው በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ጄኔሪክ መድኃኒት ነው። በንግድ ስም የተጻፈ ማዘዣ አባሉን ከሽፋኑ አውጥቶ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይልከዋል። ለዘላቂ ሕመም በየወሩ ከማመላለስ ይልቅ የተረጋጋ ታማሚ የተራዘመ ቀጠሮ ቢሰጠው የመምህሩ የክፍል ሰዓትም አይባክንም።

5. መዝገብን ማሟላት። በማኅበረሰብ አቀፍ መድን እንደታየው ተቋሙ ገንዘቡን የሚያገኘው የአባሉን ማንነት፣ የሕመሙን ዓይነት፣ የተሠራውን ምርመራና የተሰጠውን መድኃኒት በትክክል መዝግቦ ሲጠይቅ ነው። ያልተሟላ መዝገብ የክፍያ ጥያቄን ያስቀራል፤ ያልተከፈለ ተቋም ደግሞ መድኃኒት መግዛት አይችልም። ስለዚህ የካርዱ ላይ ጽሑፍና የመደርደሪያው ባዶነት የተያያዙ ናቸው።

6. ከመብዛትም ከማነስም መጠንቀቅ። ተቋሙ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚከፈለው ከሆነ አላስፈላጊ ምርመራና መድኃኒት የማብዛት ፈተና ይመጣል። በነፍስ ወከፍ አስቀድሞ የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገውን የማሳነስና ታማሚን ያለ በቂ ምክንያት ሪፈር የማድረግ ፈተና ይከተላል። የትኛውም የአከፋፈል ዘዴ ከሁለቱ ፈተና ነፃ አይደለም፤ መጠበቂያው የሕክምና መመሪያና የሙያ ሥነ ምግባር ነው።

7. በአንድ ዓይን ማየት። በመድን የመጣውን ከጥሬ ገንዘብ ከፋዩ ወደ ኋላ ማስቀመጥ ወይም በንግግር ማቃለል ሠራተኛውን ከሥርዓቱ የሚያሸሽ አንዱ ነገር ነው። የመድን አባል በነፃ የሚታከም ሳይሆን አስቀድሞ የከፈለ ሰው መሆኑ በካርድ ክፍልም ሆነ በምርመራ ክፍል ሊዘነጋ አይገባም።

ማጠቃለያ

ማኅበራዊ የጤና መድን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኛ የታሰበው በሕመም ቀን የሚመጣን ከባድ ወጪ በጤና ቀን በሚከፈል ቀላል መዋጮ ለመተካት ነው። ሕጉ በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ሥራ ላይ መዋሉ ለረጅም ጊዜ ተንጓቷል። የዚህ መንጓተት ዋጋ በአኃዝ ባይቀመጥም በየጤና ጣቢያው የሚያገለግል ባለሙያ በየሳምንቱ ያየዋል፤ መድኃኒቱን በሁለተኛው ወር ያቋረጠች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ለላቦራቶሪ የሚከፍለው እስኪያገኝ የደመወዝ ቀን የሚጠብቅ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሪፈራሉን በኪሱ ይዞ ወራት ያሳለፈ መምህር።

ሥርዓቱ የሚጸናው በሁለት እምነቶች ነው። ሠራተኛው የሚያዋጣው ገንዘብ በታመመ ቀን ሕክምና ሆኖ እንደሚመለስለት ማመን አለበት። የጤና ተቋሙም የሰጠው አገልግሎት በወቅቱ እንደሚከፈለው ማመን አለበት። የመጀመሪያውን እምነት ሊገነባ የሚችለው ከሁሉ አስቀድሞ ታማሚው ፊት ለፊት የሚያገኘው የጤና ባለሙያ ነው። አንድ መምህር ስለ መድን የሚሰማው ማብራሪያ ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ በምርመራ ክፍል ውስጥ ይታመናል፤ ከማብራሪያውም በላይ የሚታመነው በዚያው ቀን የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።